አጸዱም ይቆይ፣ ሰውም ይደሰትበት፦ ለጎጃም ቀበሌዎች የቅርስ አጠባበቅ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ጓደኞቼ በተወለድንበት ቀበሌ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ አቆምን። «እንኳን ወደ ታሪካዊው ደብር በደህና መጡ» ይላል። ገንዘቡን ያዋጣነው ከተማ ሆነን ነው። ቱሪስት ይመጣል ብለን ጠበቅን። ከቱሪስት በፊት ፍየል መጣ። ሰሌዳውን መታከኪያ አደረገው። በሁለተኛው ክረምት ሰሌዳው ተጋደመ። በሦስተኛው የአንድ ጎረቤታችን የዶሮ ቤት ክዳን ሆኖ አገኘሁት። አልተቀየምኩም። ቢያንስ ዶሮዎቹን ከዝናብ አዳነ።

ስህተታችን የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰሌዳው ለእንግዳ ነበር። የቀበሌውን ሰው ግን ምንም አልጠየቅነውም። የሰፈሩ ልጆች ከአጸዱ፣ ማለትም ደብሩን ከከበበው ደን፣ የአምስት ዛፍ ስም አያውቁም። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቁት ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ሰላም ሲደፈርስና መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እንግዳው ይቀራል። ያን ጊዜ ከቅርሱ ጋር የሚቀረው የአገሬው ሰው ነው። እሱ ካልተደሰተበት ማንም አይጠብቀውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከእሱ ይጀምራል። ቱሪስቱን መጨረሻ ላይ እናነሳዋለን።

1. አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ

ይህን ስል የሚከፋው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ማኅተም የምንወድ ሰዎች ነን። ግን በጎጃም ገጠር ጠባቂ የሌለው ቅርስ ብዙም የለም። ለደብሩ ንብረት ቄሰ ገበዙ አሉ፤ ሰበካ ጉባኤው አለ። ለቅኔው የኔታ አሉ። ለምንጩ ውኃውን የሚጠጡት ጎጦች አሉ። ለሁሉም እድር አለ። መጀመሪያ እነዚህን ፈልጉ።

ሩቅ ሳንሄድ ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። በአዊ ጥር 23 ቀን በየዓመቱ የሚታየውን የፈረስ ትርኢት ያቆየው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ፈረሱን የሚቀልበው፣ የሚሸልመው፣ ልጁን የሚያስተምረው ባለ ፈረሱ ራሱ ነው።

ሁለተኛው በጣና ሐይቅ ዳር ያለው ዘጌ ነው። በልማድ በዘጌ መሬት አይታረስም፤ ከብትም አይረባም። መነኩሴው አባ በትረ ማርያም መቋሚያቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡናና ጌሾ ሆነ ይባላል። አፈ ታሪኩን ትታችሁ ሥራውን እዩት። ቡናው ጥላ ይፈልጋል፤ ጥላው ዛፍ ነው። ዛፉን የቆረጠ ቡናውን ቆረጠ። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው ሰው ስለሚፈራ ብቻ አይደለም፤ ስለሚበላበትም ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ የዘጌ ሰው ሥራውን ከጀመረ ብዙ ትውልድ አልፎት ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይህ ነው። ከእድሩ አንድ ሰው፣ ከሰበካ ጉባኤው አንድ፣ ከእናቶች ማኅበር አንድ፣ ከወጣት ሁለት ይዛችሁ አንድ ቡና ላይ ተቀመጡ። እናቶቹን አትርሱ። ውኃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙት እነሱ ናቸው። የትኛው ምንጭ እንደደረቀ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

2. ያላችሁን ጻፉ

አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዙ። ኮምፒውተር ካላችሁ ጥሩ፤ ደብተሩ ግን ይኑር። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ገጽ ስጡ። ስሙ ምንድን ነው? የት ይገኛል? ማን ይጠብቀዋል? ምን ሆኗል? ምን ያሰጋዋል?

ሦስት ዓይነት ነገር ትጽፋላችሁ። የመጀመሪያው የሚዳሰሰው ነው፦ ብራና፣ መስቀል፣ ሥዕል፣ ከበሮ፣ አሮጌ ድልድይ፣ የአርበኞች ዋሻ። ሁለተኛው የተፈጥሮው ነው፦ ምንጭ፣ አጸድ፣ ፏፏቴ፣ ብቻውን የቆመ ትልቅ ዋርካ። ሦስተኛው በሰው አፍና እጅ ያለው ነው፦ ቅኔ፣ ቀረርቶ፣ ሙሾ፣ የሸማ ሥራ፣ የቦታ ስም።

የቦታ ስም ላይ ትንሽ ቆዩ። እያንዳንዱ ጎጥ፣ እያንዳንዱ ገደል ስም አለው፤ ስሙም ምክንያት አለው። ደብረ ማርቆስ ራሷ መንቆረር ትባል ነበር። ይህን የሚያውቅ ልጅ ዛሬ ስንት ነው? ሽማግሌ ይዛችሁ በእግር ዙሩና «ይህ ማን ይባላል? ለምን?» እያላችሁ ጻፉ። ከሁሉም ርካሹ ሥራ ይህ ነው። ከሁሉም ቶሎ የሚያመልጠውም ይኸው ነው።

ዕቃ ቤት ስትገቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚከፍቱት ቄሰ ገበዙ ናቸው። እናንተ ትጽፋላችሁ እንጂ አትነኩም። ታቦት አይታይም፣ አይመዘገብም፣ ፎቶ አይነሳም፤ ይህ ለውይይት አይቀርብም። ብራና ሲገለጥ እጅ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። በር አጠገብ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱ፤ ፍላሽ አጥፉ። ከጎኑ ማስመሪያ አኑሩ፤ መጠኑ ይታወቃል። የተቀደደውን ገጽ፣ የተቃጠለውን ጥግ፣ የተሰነጠቀውን የእንጨት ሽፋን ለይታችሁ ፎቶ አንሱ። ዕቃው ቢሰረቅ የሚለየው በጠባሳው ነው። ሁሉም መስቀል በሩቅ ሲታይ አንድ ነው።

ፎቶዎቹ ቴሌግራም ላይ አይወጡም። ቲክቶክ ላይ አይወጡም። «የደብራችን ሀብት ይታወቅ» ብሎ የለጠፈ ሰው ለሌባ ዝርዝር ሰጠ ማለት ነው። የደብተሩ አንድ ቅጂ ከሰበካ ጉባኤው፣ አንድ ከቤተ ክህነት፣ አንድ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ይቀመጥ። በየገጹ ፊርማ ይኑር።

ሕጉንም እወቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይባላል። ስታርሱ፣ መሠረት ስትቆፍሩ ወይም መንገድ ሲሠራ አሮጌ ነገር ብትቆፍሩ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ሳይነካ መጠበቅ ግዴታ ነው። ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንቀሳቀስ አይቻልም። «ለጥናት እንውሰደውና እንመልሳለን» የሚል ሰው ከመጣ የፈቃድ ደብዳቤውን ጠይቁ። ደብዳቤውን ይዛችሁ ወረዳ ደውሉ። እውነተኛ ተመራማሪ በዚህ አይከፋም።

3. ሳታድሱ በፊት ቁሙ

ለቅርስ ጠላቱ ሌባ ብቻ አይደለም። ወዳጅም አለ፤ ቀለም ይዞ የሚመጣ። ከከተማ ገንዘብ ተልኮ ጥንታዊው ግድግዳ በዘይት ቀለም ተለቅልቆ አይቻለሁ። ሰዎቹ በቅን ልብ ነበር የሠሩት።

በጣና ገዳማት ብዙው ሥዕል በሸማ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ቢታሸት ቀለሙም ሸማውም ይለቃል። ብራና ደግሞ ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይኮማተራል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ኮላ አትቀቡ። በማኅደሩ፣ በቆዳ ከረጢቱ፣ ሆኖ ችንካር ላይ መሰቀሉ የአባቶች ብልሃት ነው። ከመሬት እርጥበትና ከአይጥ ይርቃል።

ታዲያ ምን እንሥራ? ጣራውን ጠግኑ። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ለውጡ፤ ውኃ የሚሄድበትን ቦይ ጥረጉ። የአይጥ ቀዳዳ ድፈኑ። ሻማ ከመጋረጃ ይራቅ። ከዚህ ያለፈው የባለሙያ ሥራ ነው።

4. አጸዱን ካቡት

ወደምወደው ሥራ ደረስን። በአውሮፕላን የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጎጃም ከላይ ሲታይ እርሻ ነው። መሐል መሐል ላይ ክብ አረንጓዴ ጠብታ አለ። ጠብታው ደብር ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው የቀረው እዚያ ነው። ወፉም እዚያ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቅጠልም እዚያ ነው።

አጸዱ የሚያልቀው በመጥረቢያ ብቻ አይደለም። ከብት ይገባል፤ ቡቃያውን ይበላል፣ ይረግጣል። ትልቁ ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ የለውም። እኛ ስህተቱን በተግባር አይተነዋል። አንድ ክረምት አራት መቶ ችግኝ ተክለን ፎቶ ተነሥተን ሄድን። በጥቅምት ስንመለስ ሦስት ቆሞ አገኘን። ችግኝ አልነበረም የጎደለው፤ አጥር ነው። ዘሩ መሬቱ ውስጥ አለ፤ ወፍም ያመጣዋል። ከብቱን ካስቀራችሁለት ደኑ ራሱ ይበቅላል።

በጎረቤታችን በደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከደብሮቹ ጋር ሆነው የሠሩት ይህንኑ ነው። ገበሬው ከማሳው ድንጋይ ይለቅማል። በድንጋዩ አጸዱን ይክባል። ማሳው ይጸዳል፤ አጸዱ ይታጠራል። አንድ ድንጋይ ሁለት ሥራ።

እናንተም እንዲህ ጀምሩ።

ወሰኑን ቀድማችሁ ተስማሙ። ካቡ ከመጨረሻው ዛፍ ትንሽ ወጣ ብሎ ቢያልፍ ጥሩ ነው፤ አጸዱ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል። ግን ያ ቦታ የሰው ማሳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አጎራባች ገበሬዎችን አንድ በአንድ አነጋግሩ። በጉባኤ አይደለም፤ በየቤታቸው። ከተስማሙ በኋላ ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ወደ መሬት አስተዳደር ሂዱ። ያለ ወረቀት የተካበ ካብ የሚቀጥለው ትውልድ ጠብ ነው።

ጊዜው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው። አዝመራ ተሰብስቧል፣ ድንጋዩ ይታያል፣ ዝናብ አልመጣም። የበዓላትን ቀን ከመምሬ ጠይቁ። ድንጋይ መሸከም በማይፈቀድበት ቀን ጠርታችሁ ሰው ቀረ ብላችሁ አትዘኑ። በደቦ ሥሩት። ጠላውና ቆሎው ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ወስኑ። ይህን ያልወሰነ ደቦ እስከ ረፋድ ነው።

አካካቡን ለሚያውቅ ሰው ስጡ። በየቀበሌው ካብ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠበብ ይላል። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይገባል። በየመሐሉ ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ይጋደማል። ትንንሹ ሆዱን ይሞላል። ሲሚንቶ አያስፈልግም፤ ውኃ በመሐሉ እንዲያልፍ ይሁን። ቁመቱ የበሬ ደረት ከደረሰ ይበቃል። ፍየል ካለ ትንሽ ጨምሩ። ስለ ፍየል ከእኔ ተማሩ።

በሩን አስቡበት። ሰው ይገባል፣ ከብት አይገባም። ነገር ግን አስከሬን በቃሬዛ ይገባል። ታቦት በንግሥ ቀን ከነጥላው፣ ከነሕዝቡ ይወጣል። አንድ ሰፊ መዝጊያ ያለው በር፣ ሁለት ጠባብ መሹለኪያ ይኑረው። ቀብር ላይ ካብ ያፈረሱ ሰዎችን አትውቀሱ፤ በሩን ያጠበበውን ውቀሱ።

ካቡ ካለቀ በኋላ አንድ ክረምት ምንም አትትከሉ። ምን እንደሚበቅል ተመልከቱ። ሣሩን በማጭድ አጭዶ መውሰድ ይፈቀድ፤ ለድሃው ይድረስ። ውስጥ የበቀለውን የባሕር ዛፍ ቡቃያ ንቀሉ። በሁለተኛው ዓመት ባዶ የቀረውን ቦታ ሙሉት። ዋንዛና ብሳና አያስቸግሩም። የወይራ ፍሬ ግን ጠንካራ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑን በጥንቃቄ ብትሰብሩለት የተሻለ ይበቅላል። ከምንጭ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ አትትከሉ። ለማገዶና ለቤት የሚሆን ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ቦታ ይኑራችሁ። ማገዶ የሌለው ሰው አጸዱን ይጠብቃል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

5. ደንቡ አጭር ይሁን

አምስት መስመር ይበቃል። ምን አይቆረጥም፣ ምን ይፈቀዳል፣ ማን ያያል፣ ያጠፋ ምን ይሆናል፣ ገንዘቡ የት ይገባል። የመንዝ ሰው የጓሳ ሣሩን ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ጠብቋል። ዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ሁሉም ያጭዳል። የደንቡ ጉልበት መከልከሉ አይደለም። መከፈቻውን ቀን ሁሉም ማወቁ ነው።

ቅጣቱ ትንሽና የማይቀር ይሁን። ለመጀመሪያ ጥፋት የሽማግሌ ተግሣጽ። ለሁለተኛው ሁለት ቀን ካብ መካብ። ግዝት ኃይለኛ ነው፤ ስለዚህ አታብዙት።

ጠበል ባለበት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የሻማ ወረቀት፣ የሳሙና ልጣጭ። የሚቃጠልበትን ጉድጓድ ከውኃው በታች ቆፍሩ፤ ከላይ አይደለም። ልብስ የሚታጠብበትን ቦታም ከምንጩ በታች ለዩ። ለእንግዳ ምልክት አንድ ሽማግሌ ይበቃሉ። ከሰሌዳ የበለጠ ይከበራሉ።

6. ቅኔውን አብሉት

ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ። የጎጃም ስም በአገሩ ሁሉ የተነሣው በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ነው። ቅኔ መጠበቅ ማለት ምን ማለት ይመስላችኋል? ሐውልት ማቆም አይደለም። ተማሪውን ማብላት ነው። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻ ከተለቀቀበት፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ከተማ ሄዶ ሊስትሮ ይሆናል። እድሩ በየወሩ አንድ ኩንታል እህል ቢመድብ፣ ለክረምት ጎጆ የሚከደንበት ሣር ቢያቀርብ፣ ከማንኛውም ፕሮጀክት ይበልጣል።

የኔታን መቅዳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ። ነጠላ አጣጥፋችሁ ስልኩን ላዩ ላይ አስቀምጡ፤ ንፋስ በሌለበት ጎጆ ውስጥ። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና ስማቸውን አስነግሩ። ቅኔውን ብቻ አትቅዱ። ሰሙንና ወርቁን ራሳቸው ያብራሩ። ጉባኤ ቃና የምትባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ማብራሪያዋ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ያ ግማሽ ሰዓት ነው ሀብቱ።

ሌሎች ሽማግሌዎችን ስትቀዱ «ታሪክ ይንገሩን» አትበሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጽሐፍ ንግግር ይጀምራሉ። «እማማ፣ ልጅ ሳሉ በዚህ ወንዝ ምን ይደረግ ነበር?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ቡናውን ጠጡ።

7. አንድ ቀን ለራሳችሁ

በዓመት አንድ ቀን የቀበሌው ሰው የራሱን ቀበሌ ይጎብኝ። ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። አደይ አበባው አለ፤ ጭቃው ደርቋል፤ ወንዙ ገና ሙሉ ነው። ጢስ ዓባይን ለማሳየት ካሰባችሁ ደግሞ ከክረምቱ ማብቂያ ብዙ አትራቁ። ውኃው ለኤሌክትሪክ ስለሚጠለፍ በበጋ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ዓለቱን ነው።

መንገዱ ከሁለት ሰዓት አይብለጥ። ሦስት ማረፊያ ይኑረው። በመጀመሪያው አንድ ሽማግሌ ስለ ቦታው ስም ይናገራሉ። በሁለተኛው ልጆች የዛፎቹን ስም ይጠራሉ፤ ለዚህ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይለማመዱ። በሦስተኛው የኔታ አንድ ቅኔ ይዘርፋሉ። ከዚያ ሁሉም የቋጠረውን ፈትቶ ይበላል። ንግግር የሚያደርግ ባለሥልጣን አትጥሩ። ከመጣ እንግዳ ነው፤ ይብላ።

ወደ ጮቄ ተራራ የምትወጡ ከሆነ በማለዳ ተነሡ። ከቀትር በኋላ ጉም ይወርዳል፤ ብርዱም ቀልድ አይደለም። ጋቢ ያዙ። ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክል ለልጆች አሳዩ። ዓመታት አድጎ አንዴ ያብባል፤ አብቦም ይሞታል። ይህን የሰማ ልጅ አይሰብረውም።

ግሽ ዓባይ ወደ ጠበሉ የሚገባ ሳይበላ ነው። ከጣና ገዳማት ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ እናቶችን ይዛችሁ ከሆነ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም ናርጋ ሥላሴ ይሻላል። ጀልባ ላይ ሆናችሁ ይህን መስማት ደስ አይልም። ደርሶብኛል። እናቴ እስካሁን ታነሣብኛለች።

8. እንግዳ ሲመጣ

አሁን ቱሪስቱ ይምጣ። የሚያስጎበኙት በቁጥር 7 ላይ እንዳልነው የዛፎቹን ስም ያለማመዳችኋቸው ልጆች ናቸው። ዋጋው አንድ ይሁን፤ በሩ ላይ ይታወቅ። ለሁሉም ደረሰኝ ይቆረጥ። ገቢውን ሦስት ቦታ መክፈል ጠብ ይቀንሳል፦ ለአስጎብኚው፣ ለደብሩ ወይም ለቦታው ጥገና፣ ለእድሩ። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በእድር ስብሰባ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ገንዘብ ሲመጣ ወንድማማች ይጣላል፤ ሲነበብ ግን ይቀንሳል።

ዕቃ ቤቱ ለእንግዳ ሁሉ አይከፈት። ሁለት ሦስት ነገር መርጣችሁ አሳዩ። ሌላው ይቆለፍ፤ ቁልፉም በሁለት ሰው እጅ ይሁን።

በየዓመቱ ንግሡ ባለፈ ማግሥት ደብተሩን አውጥታችሁ ቁጠሩ። በንግሡ ቀን አይደለም፤ ያን ቀን ማንም አይቆጥርም። ያለው ላይ ምልክት አድርጉ፤ የጎደለው ላይ ያን ዕለት ጠይቁ።

ሰሌዳ የግድ ካላችሁ በሦስተኛው ዓመት አቁሙ። ከቆርቆሮ ሳይሆን ከድንጋይ ይሁን። ፍየሉ አሁንም አለ።